ማርጀታችሁን መጀመሪያ የነገራችሁ ማን ነው?

ከመገናኛ ወደ ገርጂ ለመሄድ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ነበር። ከፊቴ የቆሙ ሁለት ወጣቶች ዘወር ብለው አዩኝ፤ እርስ በርሳቸው አንድ ነገር ተባባሉና መንገድ ለቀው ወደ ሰልፉ ራስ አሳለፉኝ። ተራ አስከባሪውም አባቴ እያለ በሩን ያዘልኝ። ከኋላ ከተደረደረው ሰው አንድም ያጉረመረመ የለም። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ማመም ከጀመረኝ ቆይቷል፤ የመድኃኒት ወረቀትም ያለ መነጽር አላነብም። ሽማግሌ መሆኔን ያመንኩት ግን ያን ዕለት ነው። ማታውኑ ኢንተርኔት ላይ በምንወያይበት መድረክ እንዲህ ስል ጠየቅኩ፦ እናንተስ ዕድሜያችሁ መግፋቱን መጀመሪያ የነገራችሁ ማን ነው? ከልጅነታችሁ ወዲህስ በዕለት ኑሯችሁ ውስጥ የትኛው ለውጥ አስደሰታችሁ፣ የትኛው ቆጫችሁ?

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ስም ሳልጠራ፣ የማንንም ቃል እንዳለ ሳልወስድ፣ የተባባልነውን በየቁጥሩ እነግራችኋለሁ።

1ኛውን መልስ የጻፉት ባሕር ዳር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙ ሁሉ በቦታው ነው። ባንክ ቤት ተራ ሲጠብቁ አንድ ሸበቶ ሰው ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና ወንበሩን ለቀቀላቸው። እሳቸውም በዕድሜ የሚበልጣቸው መስሏቸው አልቀመጥም አሉ። ሰውየው ግን ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩት ተማሪያቸው ነበር። የገዛ ተማሪያቸው ከዘራ ይዞ ካዩ በኋላ የሚከራከሩበት ነገር አልቀረላቸውም።

በ2ኛው ላይ አንድ የአዳማ ሰው ፀጉር አስተካካዩን ከሰሰ። ድሮ የሚጠይቀው ጎኑን ምን ያህል ላሳጥረው ብሎ ነበር፤ አሁን ምንም ሳይጠይቅ የጆሮውንና የቅንድቡን ፀጉር በመቀስ መከርከም ጀምሯል። 3ኛዋ የደሴ ሴት ናቸው። የእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር ሊጨፍሩ አስበው ሄዱ፤ አስተናጋጆቹ ግን ከድንኳኑ ዳር፣ ድምፅ ማጉያው ከማይጮኽበት፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አስቀመጧቸው። ሁሉም ሰው ቀይ ወጥ ሲወጣለት ለእሳቸው ማንም ሳያዝ አልጫ መጣ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። በእኛ አገር ዕድሜ የሚታወቀው በሳህን ነው ማለት ይቻላል። 4ኛው መልስ ሰጪም ይህንኑ አጠናከረ፤ ሥጋ ቤት ቁርጥ ሊያዝዝ ሲል ልጁ ቀድሞት ጥብስ፣ ያውም በደንብ የበሰለ፣ ብሎ አዘዘለት። ሪህ እንዳለበት ለቤተሰቡ የነገሩት ሐኪሙ መሆናቸው ነው።

5ኛው አራሚ ሆኖ መጣ። በመገናኛ ሰልፍ ላይ ሕፃን ያዘለችም፣ ዕቃ የከበደውም ስለሚያልፍ የእኔ ማለፍ የዕድሜ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም አለ። በትሕትና አመሰገንኩት፤ በእጄ የያዝኩት ጋዜጣ ብቻ እንደነበር ግን ጨመርኩ። 6ኛው ወዲያው ገብቶ ወጣት ለሽማግሌ የሚነሣበት ዘመን እንዳለፈ አወጀ። በእሱ ልጅነት ትልቅ ሰው ከደጅ ብቅ ሲል ቤቱ ሁሉ ኖር ብሎ ብድግ ይል ነበር፤ ዛሬ ግን ልጆቹ ከስልካቸው ላይ ቀና እንኳ አይሉም። የጠየቅኩት ስለተነሡልኝ ወጣቶች ሆኖ ሳለ ይህ ሰው እንዴት እዚያ እንደደረሰ አልገባኝም፤ ቢሆንም ብዙ ሰው ተስማማለት።

ከዚህ በኋላ ሁሉም የየራሱን ትዝታ ያወጣ ጀመር። 7ኛው የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም አባቱ ፀሐይ ላይ ያሰጡት እንደነበር፣ እሱም ዶሮ እንዳይጭረው ጠባቂ ሆኖ ይውል እንደነበር ጻፈ። ማታ ዜናው ሲጀምር ድንጋዩ ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ይዘራና አንባቢው ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰልላል። አባትየው ያን ጊዜ የተረፈውን ዜና ከራሳቸው ጨምረው ይጨርሱታል፤ ጎረቤቱም ያንን ይዞ ወደየቤቱ ይሄዳል። 8ኛዋ የሰፈራቸውን ብቸኛ ስልክ አነሡ፤ መደወያው ላይ ትንሽ የብረት ቁልፍ የተንጠለጠለበት ዓይነት ነው። ለጎረቤት ስልክ ሲመጣ ልጅ ይላክና ተጠሪው ነጠላውን እያስተካከለ እየሮጠ ይመጣል፤ ደዋዩም ከወዲያ ሆኖ ሒሳቡ እየቆጠረበት ይጠብቃል። የአዲስ አበባ ቁጥሮች ስድስት አሃዝ ብቻ በነበሩበት፣ ማለትም ከ1998 ዓ.ም. በፊት፣ የያዟቸውን የሃያ ሰው ቁጥሮች ዛሬም በቃላቸው ያውቃሉ። የገዛ ልጃቸውን ቁጥር ግን አያውቁትም፤ ስልኩ ስለሚያውቅላቸው። ይህ እኔንም በትክክል ይገልጸኛል።

9ኛው መልስ ላይ የውይይታችን ክር መልኩን ቀየረ።

የጻፉት ሽሮ ሜዳ ያደጉ ሴት ናቸው። እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ በትዕግሥት እንዳነበቡ፣ አንድ ነገር ግን እንደቀረ በመግለጽ ጀመሩ። ጎረቤት ሁሉ አንድ ቴሌቪዥን ላይ ይሰበሰብ የነበረው ያ ያማረ ምሽት በእሳቸው ቤት ነበር። አጎዛ የሚያነጥፉት፣ ለመጣው ሁሉ ቡና የሚያፈሉት፣ ሰው ሲበተን የቆሎ ፍርፋሪ የሚጠርጉት እሳቸውና እናታቸው ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ማለዳ ተነሥተው ከቦኖ ውኃ ይቀዳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ወጥተው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርገው በጀርባቸው ያወርዳሉ። ወንድሞቻቸው በዚያው ሰዓት የጨርቅ ኳስ ያባርራሉ። ምጣዱ የሚጣደው በዚያ ቅጠል ነው፤ እናታቸው በስተርጅና ዓይናቸውን ያጡት ከጭሱ የተነሣ ይመስላቸዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤታቸው የገባ ቀን ያለቀሱት ለቅሶ የደስታ ነበር። ስለዚህ ማንም ድሮ ይሻል ነበር ሲላቸው ቀድመው የሚጠይቁት ውኃውን ማን ይቀዳላችሁ ነበር ብለው ነው።

10ኛው ተቆጣ። ሰው ደስ ብሎት ትዝታውን ሲያወራ ምሬት ይዞ መግባት ነውር ነው፤ ደግሞም በዚያን ዘመን ሁሉም ሠርቷል አለ። 11ኛዋ ከሐዋሳ መለሱለት፤ አጭርና ስለት ያለው መልስ ነው። ሁሉም ከሠራ አንተ ምን ትሠራ ነበር አሉት። እሱም በ12ኛው ከብት እጠብቅ ነበር አለ። ይህም እውነት ነው፤ ሴትየዋም ይህንን ተቀበሉት።

እዚህ ላይ አስተያየቴን መደበቅ አልፈልግም። ክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው 9ኛው ነው። ያ የምንናፍቀው አብሮነት ወጪ ነበረበት፤ ወጪውን የምትከፍለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጓዳ ያለችው ናት። እናቴ ለስንት ጎረቤት ቡና እንዳፈላች ሳስብ፣ እሷ ራሷ አንድም ቀን ያን ቴሌቪዥን ተቀምጣ ስታይ ትዝ አትለኝም። አብሮነቱን እወደዋለሁ፤ ስወደው ግን እሷን ጨምሬ መሆን አለበት።

13ኛው ነገሩን ለማብረድ ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰን። በ1957 ዓ.ም. ጣቢያው ሲጀመር የልጆቹን ክፍለ ጊዜ የያዙት ተስፋዬ ሣህሉ፣ የሁላችንም አባባ ተስፋዬ፣ ሲያስቁን ምን ያህል ዕድሜ የነበራቸው ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። የተለያየ ግምት መጣ፤ ብዙው ከ60 በላይ ነው። እውነቱ ግን ሥራውን ሲጀምሩ ገና 40ን አለፍ ያሉ ነበሩ። ኮሪያ ድረስ ዘምተው የመጡ፣ ጎልማሳ አርቲስት ናቸው። ከዚያም ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን ተረት እያወሩ ቆይተው ያረፉት በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህ መልስ ትልቅ ደስታ ሰጠኝ። ከሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጠን ለሰላምታቸው ምላሽ ስንሰጥ፣ ይሰሙናል ብለን አምነን፣ ዕድሜያቸው ከዛሬው ልጄ ዕድሜ እምብዛም አይርቅም ነበር። ሽማግሌ ያደረጋቸው የእኛ ማነስ ነው።

14ኛው እስከ 16ኛው በአውቶቡስ ላይ ተጨቃጨቁ። አንዱ በቀይና ቢጫው አንበሳ አውቶቡስ የተሳፈረው በ15 ሳንቲም እንደሆነ ማለ። ሌላው በስሙኒ ነው ብሎ ተሟገተ። ሦስተኛው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የሚለያየው የትውልድ ዘመናችሁ ነው ብሎ ገላገላቸው። የዛሬ ወጣት ስሙኒም ሽልንግም ሲባል ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም ተባለና ወደ ውይይት ታክሲ ተሻገርን። ግራና ቀኝ አግዳሚ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጠን ስንሄድ የማያውቁት ሰው ችግር ሁሉ ይሰማ ነበር። አንዱ ትዳሩን ያገኘው እዚያው ነው፤ ሴትየዋ የያዘችው ዶሮ ጫማውን አበላሸበትና ይቅርታ ስትጠይቀው ነው የተዋወቁት። ይህን የሚያህል ታሪክ በሁለት መስመር ማለፉ አሳዘነኝ፤ እንዲጨምርበት ለመንኩት፤ ሚስቱ አልፈቀደችም።

17ኛው መልስ የ24 ዓመት ወጣት ነው። ሲጀምር ጋሼ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ ቀጥሎ ግን አላቀማጠለንም። እኛ ትልልቆቹ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል እያልን ወጣቱን እንወቅሳለን፤ እሱ ግን ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ የአያቱን ቴሌብር ይከፍታል፣ የመብራቱን ይከፍላል፣ ከካናዳ የመጣላቸውን ምስል ያሳያቸዋል፣ ፊደሉን ያጎላላቸዋል። ያ ያቀረቀረው ወጣት ምናልባት የአንዳችሁን ጉዳይ እየፈጸመ ይሆናል አለ። ድሮ ልጅ ይላክ የነበረው በእግሩ ነው፤ ዛሬ የሚላከው በጣቱ ነው፤ መላክ ግን አልቀረም።

6ኛው ተመልሶ መጣና፣ በ18ኛው፣ ልጁን ምላስህ ረዘመ አለው። ቃሉ ከዚህም የከረረ ነበር፤ እዚህ አልደግመውም። 19ኛው፣ ያው የባሕር ዳሩ መምህር፣ ጣልቃ ገቡ። ልጁ የተናገረው በአክብሮት መሆኑን፣ ተቆጪው ግን ያንን እንዳጓደለ በለሰለሰ ቃል አሳሰቡ። 20ኛዋ የላኪነትን ነገር አነሡና ሁላችንንም ወደ ልጅነት መለሱን፦ ማንኛውም ጎረቤት ማንኛውንም ልጅ ጠርቶ፣ መሬት ላይ ምራቁን እንትፍ ብሎ፣ ይህ ሳይደርቅ ተመለስ የሚልበትን ጊዜ። ሮጠን ስኳር ገዝተን ስንመጣ መጀመሪያ የምናየው ምራቁን ነበር። 21ኛው ታዲያ በጥፊም የመታው ያው ጎረቤት ነበር ብሎ ጻፈ። ማንም ሰው ማንንም ልጅ ይገርፍ የነበረበትን ልማድ እንደ መልካም አስተዳደግ የሚያወሩትን አይወዳቸውም። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

ከዚያ ስለ እድር መጣ። 22ኛው ኮልፌ ይኖሩ የነበሩ፣ ከልማት ጋር በተያያዘ ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ አዛውንት ናቸው። በቀድሞው ሰፈራቸው ሰው ሲሞት የእድሩ ለፋፊ ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ከአልጋቸው ሆነው ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ያዳምጣሉ፤ ቀጥሎ የሟቹ ስም፣ የቀብሩ ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑ ይለፈፋል። አሁን የሚሰሙት በቴሌግራም ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ሲከፍቱት አርባ ያህል መልእክት ተደርድሯል፤ ከመልካም ልደት ቀጥሎ፣ ከፎቅ ውኃ መጥፋት ማስታወቂያ በፊት፣ የወዳጃቸው ሞት ተጽፏል። ሳያዩት አልፈውት ኖሮ ቀብሩ አመለጣቸው። እዚህ ላይ የተቆጣ ሰው የለም። 23ኛዋ በራሳቸው ሕንፃ የዘየዱትን ነገሩ፦ ለሞት መርዶ ብቻ የሚሆን ሌላ ቡድን ከፍተዋል፤ ከኃላፊዎቹ በቀር ማንም አይጽፍበትም። ከዚህም ሌላ ዕድሜያቸው ለገፋ አባላት አንድ ሰው በር ያንኳኳል። ድንኳኑ ከፎቅ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል፤ ንፍሮውም የሚቀቀለው እዚያው ነው። አዛውንቱ ይህን ለእድራቸው ሊያቀርቡት እንደሆነ ጻፉ። ክሩ ከማውራት ያለፈ ጥቅም ሰጠ ብዬ የማምነው እዚህ ላይ ነው።

24ኛው የካሴት ክር በእስክሪብቶ ስለማጠንጠን፣ 25ኛው ፎቶ አሳጥበው እስኪመጣ ስለመጠበቅ ጻፉ፤ ብዙም ሰው አልተከተላቸውም። 26ኛው ግን ቀላል የመሰለች ጥያቄ ጣለ፦ ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን ዕድሜያችንን በትክክል የምናውቀው?

እሱ እናቱ የነገሩት ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያገኘች ሰሞን መወለዱን ነው። ይህ ለማግኘት ቀላል ነው፤ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍነው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ስለሆነ ዘንድሮ 64 ሞልቶታል። 27ኛዋ የታኅሣሡ ግርግር ልጅ ነኝ አሉ፤ 1953 መሆኑ ነው። 28ኛው የእድገት በኅብረት ዘማቾች መንደራቸው ሲገቡ ገና የሚድህ ልጅ ነበር። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የአብዛኛው ሰው የልደት መዝገብ የእናቱ ትዝታ ነበር። ማን እንደነገሠ፣ ማን እንደተሻረ፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት፣ ሁሉም የአንድ ልጅ መወለጃ ነው።

29ኛዋ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ሴት ናቸው። እናታቸው የነገሯቸው የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ አዲስ አበባ የገባች ሳምንት መወለዳቸውን፣ ዓመቱም 1957 መሆኑን ነው። በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ተሰደው ካርቱም ላይ ወረቀት ሲሞላላቸው፣ ጸሐፊው 1957ን እንደሰማ ጻፈው፤ በየትኛው አቆጣጠር ብሎ የጠየቀ የለም። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ሰነዳቸው ሁሉ በዚያ ቁጥር ሄደ። ጉልበታቸውና ወረቀታቸው ለምን እንደማይስማሙ ሲገርማቸው ኖረዋል።

30ኛዋ ሒሳቡን ያዙ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ንግሥቲቱ የገባችው ጥር 24 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ የካቲት 1 ቀን 1965 ላይ ይውላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ግድም ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ የፈረንጆቹ ዘመን መለወጫ ካለፈ በኋላ ግን 8 ይሆናል፤ ጥር ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ነው። ስለዚህ እኅታችን ዘንድሮ 61 ናቸው፤ በወረቀቱ 69። በአንድ ሌሊት 8 ዓመት ተመለሰላቸው።

የደስታ መልእክት ጎረፈ። 31ኛው ብቻ ፊቱን አጠቆረ። አሜሪካ ከ62 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠውን ጡረታ በወረቀቱ ዕድሜ ከወሰዱ፣ ገና 54 ሳሉ ያልደረሰላቸውን ጡረታ ወስደዋል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ አገሩን ማታለል ነው አለ። 32ኛዋ መልሰው ወረዱበት፦ ስደተኛ ወረቀቱን አልሞላም፣ የሞላው ጸሐፊው ነው፤ ሥራውንም የሠሩት በእውነተኛ ጉልበታቸው ነው። በ33ኛው ሴትየዋ ራሳቸው ገብተው ዛሬም የሆስፒታል ፈረቃ ላይ እንደሆኑ፣ ጡረታውን እንዳልነኩት፣ ሥራ ስለሚወዱ ብቻ እንደቆዩ ገለጹ። ሰነዱን ለማስተካከል ጠበቃ ሊያማክሩ ነው። 31ኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ እሳቸውም ተቀበሉት።

በ34ኛው ላይ ሌላ ጣጣ አመጡ። ልጆቻቸው ትልቅ አዳራሽ ተከራይተው የ60ኛ ዓመት ልደታቸውን ያከበሩት በፈረንጆቹ 2017 ነው፤ በእውነተኛው አቆጣጠር ያኔ 52 ነበሩ። አሁን ልጆቹ ድግሱ ይደገም ይላሉ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ትክክለኛው 60ኛ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ማለፉን አስታወሷቸው። እሳቸው ግን ክትፎው ታዟል፣ ቀኑም ለፋሲካ ማግስት ተቆርጧል ብለው ጻፉ፤ በዚያ አካባቢ የምትኖሩ የዚህ ክር ሰዎች ሁሉ ተጠርታችኋል።